ከደረጃው ሥር ማን አለ?

ሥራዋ ሰው የሚለውን ማንበብ ነበር። የኮምፒውተር ጨዋታ በሚሠራው ድርጅት ውስጥ ሰዓሊው ይስላል፣ ጸሐፊው ታሪክ ይፈትላል፣ እሷ ደግሞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወንበሯን ስባ ትቀመጥና ጨዋታውን የሚጫወቱ ሰዎች የጻፉትን አስተያየት አንድ በአንድ ታነባለች። ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት ለአለቃው አንድ ገጽ ትጽፋለች፤ ይህን ያህሉ ተደሰቱ፣ ይህን ያህሉ ተቆጡ፣ ይህን ያህሉ ደግሞ ምን እንደፈለጉ ራሳቸውም አያውቁም። ስምንት ዓመት እንዲህ ስትሠራ ስሟ ተረሳና ሁሉም "ጆሮ" ይሏት ጀመር። ቅር አላላትም። ምላስ ከመባል ጆሮ መባል ይሻላል ብላ ተቀበለችው።

የድርጅቱ ትልቁ ጨዋታ ከቤቷ ስለጠፋች አንዲት ልጅ ነው። ተጫዋቹ ክፍል ለክፍል እየዞረ ይፈልጋታል፤ ሳትገኝ ጨዋታው ያልቃል። በዚህ የተነሳ ያልተናደደ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ "ልጅቷ የት ገባች?" እያሉ ጆሮን ሲነዘንዟት ከረሙ፤ እሷ ደበቀቻት ይመስል። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ድርጅቱ አዲስ ምዕራፍ እንደሚጨመር አስታወቀና የሁለት ደቂቃ ቅምሻ ቪዲዮ ለቀቀ። ቅምሻው ላይ አንድ አሮጌ ቤት ይታያል። በሩ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ጠመም ያለ የእንጨት ደረጃ አለ። ከደረጃው ሥር ሦስት ጊዜ ይንኳኳል፤ ከዚያ ጨለማ ነው።

አስተያየቱ ወዲያው ጎረፈ። አንዱ "ዛሬ ታሟል ብላችሁ ለአለቃዬ ንገሩልኝ" አለ። ሌላው "ሦስት ዓመት ጠብቄ ሦስት ማንኳኳት ብቻ? አታፍሩም?" ብሎ አበደ። አንዲት ሴት "ባሌ ይህን አይቶ መታጠቢያ ቤት ብቻዬን አልሄድም ብሏል፤ ጨዋታውን የምትሸጡልን እናንተ፣ መታጠቢያ ቤት የምሸኘው እኔ" ብላ ጻፈች። ጆሮ ሳቀች። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ "በሩን የከፈተውን እጅ አያችሁት?" ሲል ጠየቀ፤ አርባ ሰው "አዎ፣ አየነው" አለው። ቅምሻው ላይ እጅ የሚባል ነገር አልነበረም። ለዚህም ሳቀች።

ቤቱን ልብ ብላ ስታይ ግን መሳቋን ተወች። ቤቱ የእናቷ ነዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰዓሊው ከጭንቅላቱ ቤት አይስልም። "ከጭንቅላት የወጣ ቤት ሰው ኖሮበት አያውቅም፤ ያስታውቃል" ይላል። ስለዚህ አዲስ ቤት ሲያስፈልገው ሠራተኞቹን ይለምናል፤ እነሱም የአክስታቸውን፣ የጎረቤታቸውን፣ የአያታቸውን ቤት ፎቶ አንስተው ያመጡለታል። አዲሱ ምዕራፍ በሚሠራበት ሰሞን ጆሮ "የእኛን ቤት ብታይ!" ብላ ጉራዋን ነፋች። በበነጋታው እሑድ ሁለት አውቶቡስ ለዋውጣ፣ ከተማው ዳር፣ እናቷ ብቻዋን ወደምትኖርበት ቤት ሄደችና ስድሳ ሦስት ፎቶ አነሳች። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእሷ ነበር።

እናቷ ፎቶ መባሉን ስትሰማ ጓዳ ገብታ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን አበጥራ፣ ደረጃው ላይ መጥታ ተቀመጠች። ጆሮ ካሜራውን ከዓይኗ ሳታነሳ "እማዬ፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ በይ፤ ደረጃውን ሸፈንሽው" አለቻት። እናቷ ፈቀቅ አለች። ፎቶው ለምን እንደሆነ ስትጠይቅም "እንዲያው ለማስታወሻ ነው" ተባለች። ከስድሳ ሦስቱ በአንዱም ላይ እናቷ የለችበትም።

አስተያየት ከሚሰጡት መካከል ራሱን "ቆጣሪው" ብሎ የሚጠራ ሰው ነበር። አይሳደብም፣ አይቀልድም፣ አይቸኩልም። ይቆጥራል። ቅምሻው በወጣ በሁለተኛው ቀን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ደረጃው አሥራ ሦስት እርከን አለው። ሰባተኛው ከሌሎቹ በሁለት ጣት ይጠባል። ይህን ከራሱ የሚፈጥር ሰዓሊ የለም። ይህ ቤት የሆነ ቦታ አለ።"

ጆሮ ለአለቃው በምትጽፈው ገጽ ላይ "ቆጣሪው እንደ ልማዱ ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀመ ነው" ብላ አሾፈችበት። ላሚቱ ግን እዚያው ውላ ነበር። ሰባተኛውን እርከን አባቷ በሕይወት ሳለ ሲበሰብስበት ባገኘው ጣውላ የቀየረው ነው፤ ሁለት ጣት ጎደለበትና "ማን ይለካዋል?" ብሎ ተወው።

ረቡዕ ዕለት ቆጣሪው ወደ መስኮቱ ዞረ። "አራት ቀያይ መስታወቶች ናቸው፤ አንዱ ተሰብሮ በቢጫ ተተክቷል" አለ። ሐሙስ ዕለት መስታወቱ ውስጥ ያለውን አየ። ሰዓሊው ታማኝ ሰው ነው፤ ፎቶው ላይ ያገኘውን አንዳች ሳያስቀር ስሎታል፤ መስኮቱ ላይ የተንጸባረቀውን፣ ረጅም ምሰሶ ላይ የቆመ የውኃ ማጠራቀሚያ ጋን ጭምር። "በከተማው እንዲህ ያለ ጋን አሥራ አንድ አለ" ሲል ቆጣሪው ጻፈ። ከሥሩ ሰዎች ተሰለፉ። አንዱ "ሦስተኛው ለሥራ ቦታዬ ቅርብ ነው፤ እኔ እሄዳለሁ" አለ። ሌላዋ "አምስተኛውንና ስድስተኛውን ለእኔ ተዉልኝ" አለች። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንዱን ጋን ተከፋፈሏቸው። ጆሮ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም።

አለቃው ቢሮ ገባችና በሩን ዘጋች።

"ቤቱ እኮ የእናቴ ነው" አለችው።

"አውቃለሁ፤ ሰዓሊው ነግሮኛል። ግሩም ቤት ነው፣ እጅሽ ይባረክ።"

"ሊያገኟት ነው። እባክህ አንድ መስመር ብቻ እንጻፍ፤ ቤቱ ፈጠራ ነው እንበል።"

አለቃው ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረገና ፈገግ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደስ ብሎት ስለነበር ብቻ ነው። "ጆሮ፣ ያስተማርሽን እኮ አንቺ ነሽ። ‹አይደለም› ያላችሁት ሁሉ ‹ነው› ይሆናል፣ ያጠፋችሁት ሁሉ እውነት ይሆናል ያልሽው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ዝም እንበል። ሰው ጨዋታው ሳይወጣ ይህን ያህል ሲያወራ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አላየችም። እውነቱን ነበር፤ ሕጉም የእሷ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዋ የጨዋታውን መጨረሻ በግምት ያገኘን አስተያየት ደንግጦ አጠፋው። ተጫዋቾቹ "ካጠፉትማ ልክ ነው!" ብለው ጨፈሩ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከአስተያየት ገጹ የጠፋን ነገር ሁሉ እንደ መሐላ ያምኑታል። ያኔ ጆሮ በገዛ እጇ ትልልቅ አድርጋ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈች፦ "ካልተሳደበ፣ ካልዛተ በቀር አታጥፉ።" አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ይህን በጣቷ እያሳየች ታስተምር ነበር።

ከአለቃው ቢሮ ወጥታ እናቷ ጋ ደወለች።

"እማዬ፣ የማታውቂው ሰው ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺ።"

"የማውቀው ሰው መች ያንኳኳል?" አለች እናቷ።

ጆሮ በዚህ እሑድ እመጣለሁ አለች። እሑድ ግን ሥራው በዛና ቀረች፤ ሰው ሁሉ ጋን ፍለጋ ወጥቶ የጻፈውን ስታነብ ዋለች። ዘጠኙ ጋኖች ተሰረዙ። ሁለት ቀሩ።

ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንድ ፎቶ ወጣ። ስሙን ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ሰው ነው የለጠፈው። የእናቷ የግቢ በር ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ተከፍቷል፤ በክፍተቱ የቤቱ ደፍና ደፉ ላይ ተራቸውን ጠብቀው የተቀመጡ የእናቷ ሰማያዊ የቤት ጫማዎች ይታያሉ። ከሥሩ "ከአሥረኛው ጋን አጠገብ ነው፤ ይህ ይሆን እንዴ? እኔንጃ" የሚል ተጽፏል። ያዩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሰውየውም ቢሆን እርግጠኛ አልነበረም፤ ዝም ቢባል ከሌላው ወሬ ሁሉ ሥር ተቀብሮ ይቀር ነበር።

ጆሮ ጫማዎቹን አየች። አጠፋችው።

ጣቷ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው ልቧ የደረሰበት። ቀና ብላ ግድግዳው ላይ የራሷን ጽሑፍ አየች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህ ግን የሚለቀምም አልነበረም። አራት ደቂቃ አልሞላም፣ ገጹ "ጠፋ! ጠፋ!" በሚል ተሞላ። ከሦስቱ ተመልካቾች አንዱ ፎቶውን አስቀርቶት ነበርና መልሶ ለጠፈው፤ ሌሎች ሺህ ጊዜ ለጠፉት። ሰው በደስታ ያለቅስ ነበር፤ ሦስት ዓመት የጠበቁት መልስ በአንድ ጠዋት ተሰጣቸዋ። ቆጣሪው ከሁሉም በኋላ መጣና አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፦ "እናመሰግናለን።"

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

የመጀመሪያው አውቶቡስ ውስጥ ሆና ለእናቷ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ደወለች። ሁለተኛውን አውቶቡስ ስትጠብቅ ፖሊስ ጣቢያ ደወለች። ያነጋገራት ሰው ትሑት ነበር።

"ሰብረው ገቡ?"

"እስካሁን አላውቅም።"

"ሰረቁ? ዛቱ?"

"አልዛቱም። ግን እኮ ብዙ ናቸው፤ ቤቱን ከጨዋታ ላይ አይተው ነው የሚመጡት።"

"ከምን ላይ?"

አስረዳችው። ሰውየው "እንግዲህ እናትዎ ራሳቸው ከፍተው ካስገቧቸው እንግዶች ናቸው፤ ችግር ሲፈጠር ይደውሉልን" አላት። ችግር ሲፈጠር! ተፈጥሮ አልቆ እሷ አውቶቡስ ትጠብቃለች።

ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰች። መንገዱ ላይ ጩኸት ይጠብቀኛል ብላ ነበር፤ ጭጭ ብሏል። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደፉ ላይ፣ ከእናቷ ሰማያዊ ጫማዎች አጠገብ፣ ዘጠኝ ጥንድ ጫማ በሥርዓት ተደርድሯል። ከሁሉ ያስፈራት ይህ ነው። ሊሰርቅ የመጣ ሰው ጫማውን አያወልቅም።

ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ቆመዋል፤ ወንዶችም ሴቶችም፣ የሠላሳ፣ የአርባ ዓመት ሰዎች፣ የሥራ ልብስ የለበሱ፣ ከምሳ ሰዓታቸው ሰርቀው የመጡ የሚመስሉ። በሹክሹክታ ነው የሚነጋገሩት። ሁሉም ስልካቸውን ወደ ላይ ይዘዋል። እናቷ ከደረጃው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታወራለች፤ ፊቷ ፈክቷል። "ይህን መስታወት ባለቤቴ ነው የቀየረው፤ ቀይ ጠፍቶበት" ስትል ዘጠኙም በአንድነት "እ..." አሉ። ከቀያዮቹ መስታወቶች አንዱ ቦታው ላይ አልነበረም። ሰባተኛው እርከንም አልነበረም፤ ከስድስተኛው ወደ ስምንተኛው ባዶ ነው፣ በባዶው ውስጥ የደረጃው ሥር ጨለማ ይታያል።

"ውጡ" አለች ጆሮ።

ዞረው አዩዋት። አንዳቸውም አልተከራከሩም። "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያሉ፣ አንገታቸውን እየደፉ፣ ወደ ኋላቸው እየተራመዱ ወጡ፤ ሲወጡ ግን እያንዳንዳቸው ግድግዳውን በመዳፋቸው ነካ ነካ ያደርጉ ነበር። የመጨረሻው ሰው ሸሚዙን አጥብቆ የተኮሰ፣ ደብተር የያዘ፣ በጣም ተራ ሰው ነው። ቆጣሪው እሱ መሆኑን ሳይነግራት አወቀች።

"ልጃቸው እርስዎ ነዎት?" አላት በትሕትና።

"ውጣ አልኩህ።"

"እወጣለሁ። ብቻ ከደረጃው ሥር ያለው ግድግዳ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። እናትዎ ሥሩ ምን እንዳለ አላውቅም አሉኝ። እርስዎ ያውቃሉ?"

"ምንም የለም! መጥረጊያ ነው የሚቀመጥበት!"

ሰውየው "መጥረጊያ" ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈና ጫማውን አድርጎ ሄደ። ጆሮ የቤቱን በር ዘግታ መቀርቀሪያውን ጣለች። በመስኮቱ ስታይ አልሄዱም፤ መንገዱን ተሻግረው ቆመዋል። ሌሎችም እየመጡ ይጨመሩባቸዋል።

እናቷ ከወንበሯ አልተነሳችም። ተቆጥታ ነበር።

"ከመቼ ወዲህ ነው ከዚህ ቤት እንግዳ የሚባረረው?"

"እማዬ፣ እንግዳ አይደሉም። ደረጃሽን ነቅለዋል እኮ!"

"እኔ ነኝ ንቀሉት ያልኳቸው። እግሬን ያደናቅፈኛል ስላቸው አንዱ እጠግንልዎታለሁ ብሎ ይዞት ሄደ። መስታወቱንም ያቺ ቀጭኗ ወደደችው፤ ውሰጂ አልኳት። ስልክሽንም አላነሳሁም፤ ሰው ፊት ስልክ ማናገር ነውር ነው።"

"ሌላ ምን አልሻቸው?"

"የጠየቁኝን ነዋ። ሲጠይቁ እንዴት ያምርባቸዋል መሰለሽ! ደረጃውን ማን ሠራው፣ መቼ ገባችሁ፣ ልጅዎ የት ነው የምትተኛው... ያ ደብተር የያዘው ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው እያስደገመ የጻፈው።"

ጆሮ እንዴት ሆኖ ይህ ሁሉ እንደመጣ ነገረቻት፤ ፎቶውን፣ ሰዓሊውን፣ ቅምሻውን፣ ጋኑን፣ በመጨረሻም ያጠፋችውን አስተያየት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ስለ ቤቷ አገር ሁሉ አውርቶ ሲጨርስ እናቷ ገና አሁን መስማቷ ነበር። ቅምሻውንም በስልኳ አሳየቻት። እናቷ አየችው፤ ካለቀ በኋላ "እንደገና" አለች። እንደገና አየችው።

"ያን ቀን የክት ቀሚሴን የለበስኩት ለዚህ ነው?"

"እማዬ..."

"እኔ እኮ ከአንቺ ጋር ልነሳ መስሎኝ ነው። ፈቀቅ በይ አልሽኝ፤ እሺ ብዬ ፈቀቅ አልኩ። እነዚህ ዛሬ የመጡት ማንም ፈቀቅ በይ አላለኝም። ሁሉም ከጎኔ ቆመው ተነሱ።"

ጆሮ አፈረች። ከዚያ በፊት ፈርታ ነበር፤ አሁን ፍርሃቱና ሐፍረቱ ተደባለቁባት። ተንበርክካ የእናቷን ጉልበት ይዛ "ዛሬውኑ እንሂድ፣ ለጥቂት ቀን እኔ ጋ ሁኚ፣ ለምኜሻለሁ" አለቻት። እናቷ እንቢ አለች። አርባ ዓመት የኖርኩበትን ቤት ለማን ጥዬ፣ አለች። ቀስ ብላም ጨመረች፦ "አንቺ ቤት ሄጄስ ማን ይጠይቀኛል?"

ውጭ ያለው ሰው ወደ ሠላሳ ደርሷል። አሁንም አይጮኹም። አንዱ ሄዶ የግቢውን በር በዝግታ ዘጋው፤ ከውስጥ በኩል ሆኖ።

ያን ጊዜ ጆሮ በስምንት ዓመት ሥራዋ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ሁልጊዜ ታነባለች እንጂ አትጽፍም ነበር። ገጹን ከፈተችና በድርጅቱ ስም ሳይሆን በእውነተኛ ስሟ ጻፈች። እውነት እንደሆን መቼስ ይገባቸዋል፣ ሰዎች እኮ ናቸው፣ እናት አላቸው፣ አለች በልቧ።

"ይህ እውነተኛ ቤት ነው" ብላ ጻፈች። "የምትኖርበት እናቴ ናት። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ብቻዋን ናት፣ ላንኳኳ ሁሉ በር ትከፍታለች። ከደረጃው ሥር ማንም የለም። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ልጇ ነኝ፣ አሁን አብሬያት ቤት ውስጥ ነኝ። እባካችሁ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ተዉን።"

ላከችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የመጀመሪያው ምላሽ ባንድ ደቂቃ ውስጥ መጣ፦ "ፀጉሬ ቆመ! ማን ነው የጻፈው? ሽልማት ይገባዋል።" ሁለተኛው፦ "ልጅቷ ተናገረች! ሦስት ዓመት ጠብቀን ልጅቷ ራሷ ተናገረች!" ሦስተኛው፦ "ከደረጃው ሥር ማንም የለም አለች እኮ። ስለዚህ አለ።" ከዚያ ለማንበብ የሚያዳግት ሆነ። "አብሬያት ቤት ውስጥ ነኝ የሚለው ቦታ ላይ ስልኬን ወረወርኩት።" "ድርጅቱ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ከቤት ውጭ ያዘጋጃል ብዬ አልጠበቅኩም፤ እናትየዋም ጎበዝ ተዋናይ ናት።" "እንድንገባ ነው የምትለምነን፣ አልገባችሁም?" ጆሮ "ጨዋታ አይደለም፤ በእናቴ ሞት" ብላ ጻፈች። ለዚህ ደግሞ ሺህ ሰው አጨበጨበ።

ስምንት ዓመት አንብባቸዋለች። ማን እንደሚቆጣ፣ ማን እንደሚቀልድ፣ ማን እንደሚያለቅስ ታውቃለች። አንድም ቀን ግን እውነት የሚመስላቸው ምን እንደሆነ አልጠየቀችም ነበር።

አለቃው ደወለ። ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል። "ጆሮ! ምን ብዬ ላመስግንሽ? ጸሐፊው ራሱ እንዲህ አይጽፍም ነበር!"

"አለቃዬ፣ ስማኝ፣ ግቢው ውስጥ ገብተዋል። ሰው ላክልኝ። እውነት ነው የጻፍኩት።"

"ይኸዋ! እንዲህ በይልኝ፣ እንዳትለቂው" አለና ስልኩን ዘጋ።

ከውጭ እግር ይሰማ ጀመር፤ ቀስ ያለ፣ የብዙ ሰው እግር። ደፉ ላይ ጫማ ሲወልቅና ሲደረደር ይሰማል። በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ በትሕትና። እናቷ ወንበሯን ተደግፋ ተነሳች።

"እማዬ፣ ተይ!"

"ሰው በር ላይ አይቆምም።"

"እማዬ፣ በአባዬ አጥንት!"

እናቷ ቆመች። ከበሩ ማዶ አንድ ወንድ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ድምፁን እንደ ተዋናይ እያስረዘመ። "ይህ... እውነተኛ ቤት ነው። የምትኖርበት... እናቴ ናት።" ሌሎቹ አብረውት ያነቡ ጀመር፤ ቃል በቃል ይዘውታል። "ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ብቻዋን ናት..."

እናቷ ወደ ልጇ ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረው ፈካ ያለ ነገር ሁሉ ሄዷል፤ አርጅታ ታየቻት።

"ብቻዋን ናት ብለሽ ጻፍሽላቸው?"

ጆሮ ዓይኗን ወደ በሩ መለሰች። የመቀርቀሪያው ብሎን ከእንጨቱ ውስጥ መውጣት ሲጀምር አየችና ሮጣ በሩን በትከሻዋ ገፋችው። ከውጭ የሚገፉት ብዙ ነበሩ፤ አንዳቸውም አይቸኩሉም ነበር።